ርቀትን ከጥይት የምታነብ ሥጋ ቆራጭ

አዳኞቹ «ሐኪሟ» ይሏታል። ሐኪም ግን አይደለችም፤ ሥጋ ቆራጭ ናት። ከተማው ዳር፣ ከእንጨት መሰንጠቂያው አጠገብ ባለችው ጠባብ ሱቋ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች። ከፊት ሚዛኑና የመስታወት ማቀዝቀዣው አሉ፤ ከኋላ የብረት ጠረጴዛ፣ ከጣሪያው የተንጠለጠሉ መንጠቆዎች፣ ወለሉ መሃል ደግሞ ውኃ የሚወርድበት ቀዳዳ። ዓመቱን ሙሉ የበሬና የበግ ሥጋ ትሸጣለች። የአደን ወቅት ሲከፈት ግን ሥራው ሁሉ ወደ ኋላው በር ይዞራል። አዳኞች የጣሉትን አጋዘን በመኪና ጭነው ይመጣሉ፤ እሷ ቆዳውን ትገፋለች፣ በየብልቱ ትለያለች፣ በወረቀት ጠቅልላ ትመልስላቸዋለች።

ጥይት ማጠራቀም የጀመረችው በባሏ ጥርስ ሰበብ ነው።

ባሏ አናጢ ነው፤ ዝምተኛ ሰው፣ ሲናገር ግን የሚያስቅ። አንድ እሑድ ምሳ ሲበሉ አፉ ውስጥ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። ማኘኩን አቆመና ቀስ ብሎ አንዲት የጥይት ስባሪ ከግማሽ ጥርስ ጋር ሳህኑ ላይ ተፋ።

«ሴትዮ» አለ ጉንጩን ይዞ፣ «ምስማሬን ሳልፈቅድልሽ ቀቀልሽው እንዴ?»

መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ሥጋውን የቆረጠችው ራሷ ነበረች፤ ደንበኛ ያካፈላት የአጋዘን ጎድን ነው። ደግሞም ጥይቱ ከገባበት ቦታ አንድ ስንዝር ሙሉ ርቃ ነው የቆረጠችው። ታዲያ ስባሪዋ እዚያ ድረስ በምን እግሯ ሄደች? ጥያቄው ከሐፍረቷ ይልቅ ዕረፍት ነሳት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከየአጋዘኑ የምታወጣውን ጥይትም ሆነ ስባሪ አጥባ፣ የማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ ከትንሽ ወረቀት ጋር ማስቀመጥ ያዘች። ወረቀቱ ላይ የምትጽፈው ሦስት ነገር ነው፤ ምን ዓይነት ጥይት እንደሆነ፣ የት እንደመታ፣ ከስንት ሜትር እንደተተኮሰ።

ችግሩ ያለው ሦስተኛው ላይ ነበር። አዳኝ ስለ ርቀት ተጠይቆ እውነቱን ሲናገር ሰምታ አታውቅም። «ከስንት ሜትር ነው?» ስትል ሁሉም እንደተማከረ ሰው «ኧረ ሦስት መቶ ይሞላል!» ይላታል። ሦስት ሰዎች፣ አንድ ዓይነት ጥይት፣ ሁሉም «ሦስት መቶ»፤ ከሥጋው የሚወጣው ግን አንዱ ጫፉ እንደ እንጉዳይ የተከፈተ፣ አንዱ ደቅቆ የተበታተነ፣ አንዱ ደግሞ ትናንት ከሱቅ የተገዛ የሚመስል ያልተነካካ ጥይት ነው። «ወይ ጥይቱ አብዷል፣ ወይ ሰዎቹ ይቀጥፋሉ» ትል ነበር ለባሏ። ባሏም «ጥይት አያብድም» ይላታል ሰሌዳውን እየላገ።

ከዚህ ጣጣ ያወጣት አንድ ጡረተኛ ቀያሽ ነው። ዕድሜ ልኩን መሬት ሲለካ የኖረ፣ ከሲታ፣ ኮቱ እስከ አንገቱ የተቆለፈ ሽማግሌ። የመጀመሪያ አጋዘኑን ይዞላት የመጣ ዕለት እንደ ልማዷ ጠየቀችው።

«ሰማንያ ሰባት ሜትር ከሃያ ሳንቲም» አላት ደብተሩን ገልጦ።

«ሃያ ሳንቲሟን ምን ሊያደርጓት ነው ጋሼ?»

«ልተዋት ብዬ ሞክሬ ነበር፤ እንቅልፍ ከለከለችኝ።»

ሳቀች፤ ልቧ ግን ወርቅ ያገኘች ያህል ዘለለ። ሽማግሌው ከተኮሰ በኋላ ሜትሩን እየዘረጋ አጋዘኑ እስከቆመበት ድረስ የሚለካ ሰው ነበር። ሦስት የአደን ወቅት እሱ ርቀቱን፣ እሷ ጥይቱን እያመጡ ጠርሙሶቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደሯቸው፤ ነገሩም ፍንትው ብሎ ወጣ። ጥይት ከአፈሙዝ ሲወጣ እሳት የላሰ ነው፤ በቅርብ፣ ያውም አጥንት ላይ ካረፈ፣ ፍጥነቱን የሚችልበት አቅም አጥቶ ይበታተናል። ወርቹን ሙሉ ያበላሸዋል፤ ስባሪውም ያን ያህል ርቆ ይሄዳል። መካከለኛ ርቀት ላይ በልኩ ይከፈትና አጋዘኑን እዚያው ይጥለዋል። በጣም ሲርቅ ግን ይደክማል፤ ለመከፈት ጉልበት ስለሚያጣ እንደ ወስፌ ቀጭን ቀዳዳ በስቶ ያልፋል። አጋዘኑም ቆስሎ ይሮጣል፤ የት ወድቆ እንደሚሞት የሚያውቅ የለም።

ከዚያ በኋላ ለመጠየቅም ሰነፈች። ሥጋውን ገልጣ ታያለች፣ ጥይቱን በጣቷ ታገላብጣለች፣ ርቀቱን በልቧ ትይዛለች። ለማንም ግን ትንፍሽ አትልም። የደንበኛን ጉራ ማጋለጥ ሱቅ እንደ መዝጋት ነው።

የባሏ ታናሽ ወንድም ጎሚስታ ነው፤ ጎማ ሲጠግን ይውላል፣ ሲያወራ ያመሻል። ከአራት መቶ ሜትር ወዲህ ተኩሶ አያውቅም፤ በአፉ ማለት ነው። በዚህም ምክንያት ከተማው ስሙን ረስቶ «አራት መቶ» ይለዋል። ባለፈው ዓመት ትልቅ ቀንዳም አጋዘን ጭኖ መጣ፤ ደረቱ ተነፍቶ ለመግባት በሩ ጠቦታል።

«እትዬ፣ አራት መቶ አሥራ ሁለት ሜትር!» አላት።

«አሥራ ሁለቷ ከየት መጣች?»

«እውነት ትመስላ— እውነት ናት እንጂ!»

ወርቹን ስትገልጠው ሥጋው እንደ ተፈጨ ሆኗል። አሥራ አንድ ስባሪና እንደ ከረሜላ ልጣጭ የተኮማተረ የመዳብ ሽፋን ለቀመች። ይህ አርባ ሜትር እንኳ አይሞላም። በሆዷ ስቃ፣ ሥጋውን ጠቅልላ ሸኘችው።

በማግሥቱ ግን የአዳኞች ማኅበር ሊቀመንበር ወደ ሱቋ መጡ። ሊቀመንበሯ የመድኃኒት ቤት ባለቤት ናቸው፤ ነገር አያንዛዙም።

«የረዥም ተኩስ ዋንጫውን ዘንድሮ ለአማችሽ ልንሰጥ ነው» አሏት። «ነገር ግን አምና ጭቅጭቅ ስለበዛ አዲስ ደንብ አውጥተናል። አጋዘኑን የበለተው ሥጋ ቆራጭ መስክሮ ይፈርማል። ቅዳሜ ከሰዓት ጥይቱን ይዘሽ ነይ።»

ወረቀቱን ሚዛኑ ላይ ትተውላት ሄዱ። እሷም ወረቀቱን እያየች ቆማ ቀረች። ብትፈርም በገዛ ጠርሙሶቿ ላይ መዋሸቷ ነው። ባትፈርም የባሏን ወንድም በሰው ፊት ማዋረዷ ነው። ማታ ለባሏ ብትነግረው ገና ሳትጨርስ ብድግ አለ።

«አንቺ ሚስቴ፣ እሱ ወንድሜ። እኔ መጋዜን ይዤ ወደ ሥራ ቤቴ ልሂድ።»

ዓርብ ጠዋት አማቿን አስጠራችው። ብረት ጠረጴዛው ላይ ነጭ ወረቀት ዘርግታ ሦስት ነገር አስቀመጠች፤ ያልተከፈተውን ጥይት፣ የእንጉዳይ ቅርጽ የያዘውን፣ ከዚያም የሱን አሥራ አንድ ስባሪ።

«ይኸኛው የሩቅ ነው» አለችው በቢላዋዋ ጫፍ እያሳየች። «ይኸኛው የመካከለኛ። የመጨረሻው የማን እንደሆነ ታውቃለህ?»

አየው። ጆሮው ቀላ። «ጥይቱ ምናልባት... ነፋስ ነበር...»

«ነፋስ ጥይት አይፈጭም። በል ንገረኝ፤ እኔና አንተ ብቻ ነን።»

ለአፍታ እጁ ላይ የቀረውን የጎማ ጥቀርሻ ሲፈትግ ቆየ። ከዚያ ተነፈሰው። ጠዋት ሙሉ ሲዞር ውሎ አንድም ነገር አላየም። ጫማው ተረከዙን ስለላጠው ዛፍ ሥር ተቀምጦ አንዱን ጫማና ካልሲ አወለቀ፤ ጠመንጃውን ግንዱ ላይ አስደግፎ እንቁላል በዳቦ መብላት ጀመረ። ሁለተኛውን ጉርሻ ሲጎርስ ቁጥቋጦው ተከፈተና ያ ቀንዳም ብቅ ብሎ አፈጠጠበት። እሱም አፈጠጠ።

«እትዬ ሙች፣ ዳቦዬን ሊቀማኝ የመጣ ነው የመሰለኝ! በጀርባዬ ተንከባለልኩ። ጠመንጃዬን እንዴት እንዳነሳሁ አላውቅም። ዳቦው አፌ ውስጥ ነው፣ አንድ እግሬ ባዶ ነው፣ ተኮስኩ። በኋላ ስቆጥረው ሠላሳ አንድ እርምጃ ነው።»

ሐኪሟ መጀመሪያ ሳቋን ልትቆጣጠር ሞከረች። ሳቁ ግን አፈናት፤ ሆዷን ይዛ የበረዶ ሣጥኑ ላይ ዘጭ አለች። እሱም እየተናደደ ቆይቶ በመጨረሻ አብሯት ሳቀ።

«ነገ የምትናገረው ይህንኑ ነው» አለችው እንባዋን በክንዷ እየጠረገች።

«ልታዋርጂኝ ነው እትዬ?»

«አራት መቶ ሜትርህን እኮ አንድም ሰው አያምንም፤ ስቀው ነው የሚያልፉህ። ይህን ግን ዕድሜ ልካቸውን ያወሩልሃል።»

ቅዳሜ የማኅበሩ አዳራሽ የፕላስቲክ ወንበሮች ሞልተው ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። አማቿ ስሙ ሲጠራ ተነሣ። ጉሮሮውን ጠረገ፤ ወደ እሷ አየ፤ ከዚያ «አራት መቶ አሥራ ሁለት የሚለውን ሰርዙልኝ» አለ። ታሪኩን ከተረከዙ ጀመረ። ዳቦው ጋ ሲደርስ ሰዉ መንሾካሾክ ጀመረ፤ በጀርባው መንከባለሉን ወለሉ ላይ ተጋድሞ ሲያሳይ አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ሊቀመንበሯ ሳይቀሩ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ።

ሳቁ ሲበርድ የከተማው ዳቦ ጋጋሪ እጁን አወጣ። «ቆይ፣ እሷ በምን አወቀችበት?»

ሁሉም ዞረው አዩዋት። ብዙ ሰው ፊት ተናግራ አታውቅም። ቢሆንም ጠርሙሶቿን ከዘንቢሏ አወጣች፤ እጇ የለመደውን ሲይዝ አንደበቷም ተፈታ። በየተራ እያነሳች ነገረቻቸው፤ ቀያሹም ከጎኗ ቆሞ ቁጥሩን ከደብተሩ ያነባል። «ዓይኔ ካላየ አላምንም» ያሉም ነበሩ። በሳምንቱ ለነሱ ሲባል ተኩስ ሜዳው ላይ ውኃ የጠጣ ጋዜጣ በጥቅል በጥቅል አስረው አቆሙ፤ ሠላሳ ሜትር ላይ አንድ፣ መቶ ሃምሳ ላይ አንድ፣ አራት መቶ ላይ አንድ። ቀያሹ ለመለካት ብቻ ግማሽ ጠዋት ፈጀ። ተኮሱ። ጋዜጣውን ሲገልጡት የመጀመሪያው ውስጡ ተቦጫጭቆ በስባሪ ተሞልቷል፤ ሁለተኛው መሃል የተከፈተ ጥይት ቁጭ ብሏል፤ ሦስተኛው ላይ ከመጻፊያ እርሳስ ውፍረት የማይበልጥ ቀዳዳ ብቻ አለ።

ዳቦ ጋጋሪው ቀዳዳው ውስጥ ጣቱን ለመክተት ሞከረ፤ አልገባለትም። ወፍራም ሰው ነው፣ ቀልደኛም ነው፤ ያን ጊዜ ግን ፊቱ ተለወጠ።

«አምና አንዱን ከሩቅ መትቼ ሮጠብኝ» አለ ቀስ ብሎ። «የሳትኩት መስሎኝ ነበር። ለካስ አልሳትኩትም።»

ማንም አልሳቀበትም። ሐኪሟ ትከሻውን ቸብ አደረገችው።

የረዥም ተኩስ ዋንጫ በዚያው ሳምንት ቀረ። በምትኩ ለአጋዘን ይበልጥ ተጠግቶ፣ በአንድ ጥይት ለጣለ ሰው እንዲሰጥ ማኅበሩ በሙሉ ድምፅ ወሰነ። ሊቀመንበሯ የዓመቱን መዝገብ ገልጠው ሲያገላብጡ ከሠላሳ አንድ እርምጃ የቀረበ አላገኙም። እናም ዋንጫው ዞሮ ዞሮ ጎሚስታው እጅ ገባ። «ተጠግቶ ይላል እንጂ፣ አጋዘኑ ከተጠጋስ?» ብለው የተከራከሩ ነበሩ፤ ሊቀመንበሯ ግን ደንቡ ውስጥ ስለ ዳቦ የተጻፈ ነገር የለም ብለው ዘጉት።

አሁን ወቅቱ ሊከፈት ሁለት ሳምንት ሲቀረው አዲስ አዳኞች ሁሉ በሐኪሟ ሱቅ በኩል እንዲያልፉ ተደርጓል። ብረት ጠረጴዛውን ከበው ይቆማሉ፤ እሷ የጎማ ሽርጧን አስራ የትኛው ጥይት እስከ ስንት ሜትር እንደሚታመን፣ ከቁስሉ ዙሪያ ምን ያህል ሥጋ ተቆርጦ መጣል እንዳለበት ታሳያቸዋለች። ባሏ ለጠርሙሶቹ ባለ አምስት ደርብ መደርደሪያ ሠራላት።

አንድ ቀን ታዲያ ከተማሪዎቹ አንዷ፣ ነርስ ናት፣ «አጋዘን በሕይወቱ ቆሞ ሲያዩት እንዴት ያለ ነው?» አለቻት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አጋዘን ስትገፍ በሕይወት ያለ አጋዘን አይታ አታውቅም ነበር። ይህን የሰማው ቀያሽ በሳምንቱ ማለዳ እሷንና ባሏን ወደ ጫካ ወሰዳቸው። ሦስት ሰዓት ያህል በሆዳቸው ተጋድመው ከቆዩ በኋላ አንዲት አጋዘን ከዛፎቹ ወጥታ ሣር ላይ ቆመች። ቀያሹ ርቀት መለኪያ መነጽሩን ዓይኑ ላይ አደረገ።

«ሁለት መቶ ሠላሳ» አላት በሹክሹክታ፣ መነጽሩን እያቀበለ። «ምን ትያለሽ?»

ተቀብላ አየች። የምታውቀው ወርች፣ የምታውቀው ጎድን፣ የምታውቀው አንገት፤ ግን ሁሉም ይንቀሳቀሳል፣ ይተነፍሳል፣ ጆሮው ዝንብ ያባርራል። መነጽሩን ከዓይኗ ማንሳት አቃታት።

«ሩቅ ነው ጋሼ» አለች በመጨረሻ። «ትንሽ እንጠጋ።»

ተሳቡ። ባሏ በጉልበቱ ደረቅ ቅርንጫፍ ሰበረ። አጋዘኗ ቀና አለች፣ አየቻቸው፣ ሁለት ዝላይ ዘልላ ጠፋች።

«የኔ ጥፋት ነው» አለ አናጢው ተነሥቶ ጉልበቱን እያራገፈ። «እንጨቶች ሲያዩኝ ይጮኻሉ።»

ሦስቱም እዚያው ሣሩ ላይ ተቀምጠው ሳቁ። ቀያሹ ደብተሩን አወጣ፤ ምን ሊጽፍ እንደሆነ ስትጠይቀው፣ አጋዘኗ የዘለለችውን ርቀት ለመለካት ሜትሩን እየዘረጋ ነበር፤ ሐኪሟም ሌላኛውን ጫፍ ያዘችለት።