ተረት እየሰማች ያደገች ውሻ

ልጅ ሳለሁ አፌ ከእኔ ቀድሞ ይነቃ ነበር። እናቴ «ይቺ ልጅ ተኝታም ከንፈሯ አያርፍም» ትላለች፤ እውነቷን ነው፤ አንድ ሌሊት በእንቅልፍ ልቤ ሳወራ ጎረቤት ተነስቶ መልስ ሰጥቶኛል። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የቆጠርኩት አባዬ ሱቅ ውስጥ፣ ከአገር ቤት በሚመጣ የብስኩት ካርቶን ላይ ነው፤ ስለዚህ በጽሑፌ መሀል «ደረቅ ቦታ ይቀመጥ» የሚል ብታገኙ አትደነቁ፣ ከልጅነቴ ጋር የገባ ነው።

አባዬ ከወሎ የመጣ ሙስሊም ነጋዴ ነው፤ ካስተም በሚባለው ገበያ ዱቄትና ስኳር በጅምላ ይሸጣል። ቤታችን ግን ኪራይ በሚረክስበት በጁባ ጫፍ፣ ጀበል ከሚሉት ተራራ ግርጌ ነበር። ከአጥራችን ወዲያ የለውዝ እርሻ፣ ከእርሻው ወዲያ ሣር፣ ከሣሩ ውስጥ ጥንቸል። እርሻው የጎረቤታችን የጂዱ ላዶ ነው። ጂዱ በጁባ አረብኛ አያት ማለት ነው፤ የእኔ አያት አልነበረም፣ የሰፈሩ ሁሉ እንጂ። የባሪ ጎሳ ሰው ነው፤ በጦርነቱ ዘመን ኢትዮጵያ ተሰዶ ብዙ ዓመት ስለኖረ አማርኛው ከእኛ ይጠራል፤ ሲቆጣና ሲደሰት ብቻ ወደ አረብኛው ይመለሳል። ጥንቸሎቹ ለውዙን ይበሉበታል፣ እሱ ጥንቸሎቹን ይበላል። «ለውዜን በሥጋ መልክ ነው የምሰበስበው» ይል ነበር።

የሚያድነው ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት፣ በመብራት ነው። መብራቱ ከተጣለ የኡጋንዳ ሎሪ ግንባር የተነቀለ ሲሆን የሚሠራው በሞተር ሳይክል ባትሪ ነው፤ ባትሪውን በጆንያ አድርጎ እንደ ሕፃን ያዝለዋል። ሲያበራው፣ ወላሂ፣ ከከተማው ወንዝ ማዶ ያሉ አውራ ዶሮዎች ነጋ ብለው ይጮሁ ነበር። ጥንቸል ያ ብርሃን ሲያርፍባት ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ ያኔ ውሻ ይለቀቅባታል።

የእሱ ውሻ ስድስት ቡችሎች ወለደችና ከሁሉ ትንሿን፣ እንደ ሚጥሚጣ የቀላችውን፣ ለእኔ ሰጠኝ። ስሟንም ሻታ አላት፤ በጁባ አረብኛ የሚያቃጥለው ቃሪያ ማለት ነው። እኔም አባዬ ሱቅ ወስጄ በባዶ የስኳር ካርቶን ደበቅኳት። ሦስት ቀን ተደብቃ ቆየች፤ በአራተኛው ቀን አባዬ ከደንበኛ ጋር ሲከራከር ካርቶኑ ጮኸ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለኝ።

«ስኳር ነው።»

«ስኳር ይጮሃል?»

«አዲስ ዓይነት ነው አባዬ፣ ትናንት ነው ከኡጋንዳ የገባው።»

ደንበኛው ሳቀ፤ አባዬ አልሳቀም። ማታ ቤት ስንገባ እናቴ ቡችላዋ የላሰችውን እጄን ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ አሳጠበችኝ፤ በዚያ ሳምንት እጄን በታጠብኩበት ውኃ ወንዙ አንድ ስንዝር ጎድሏል። አባዬ ግን ጉዳዩን ሲያስብበት አመሸና ፍርዱን ሰጠ።

«ውሻ እንዲሁ ለጨዋታ ቤቴ አይቀመጥም። ለአደን የሰለጠነች ከሆነች ግን ሌላ ነው፤ ቂርዓት ቤት ስንማር የሰማሁት አለ። ስትልኪያት ትሄዳለች፤ ስትጠሪያት ትመለሳለች፤ የያዘችውን ሳትበላ ታመጣለች። ስትለቂያትም ቢስሚላህ ትያለሽ፣ ላዶ ሳይሆን አንቺ ራስሽ። ይሄ አንድም ሳይጎድል ከተሟላ ያመጣችውን እኔም እበላለሁ፣ እሷም ግቢዬ ትኖራለች።»

«ካልተሟላስ?»

«እስከ ረመዳን ጨረቃ ነው ቀጠሮሽ። ካልሆነ ወደ ድንበሩ፣ ወደ ኒሙሌ የሚመላለሰው ሎሪ ሾፌር ውሻ ይፈልጋል፤ ይዟት ይሄዳል።»

ያኔ ረመዳን ሊገባ አሥር ወር ይቀረው ነበር፤ አሥር ወር ደግሞ ለልጅ ዕድሜ ልክ ነው።

ጂዱ ላዶ ውሻ የሚያሰለጥነው በተረት ነበር። ከመግሪብ ሶላት በኋላ ሻታን ይዤ አጥር ተሻግሬ ስሄድ እርጥብ እንጨት ከፍሙ ላይ ጨምሮ ያጨሰዋል፤ ትንኞቹ ያኔ ከመንከሳቸው በፊት በር የሚያንኳኩ ትልልቆች ስለነበሩ ጭስ ካላገኛቸው አይመለሱም። የሰፈሩ ልጆችና ቡችሎቹ ፍሙን ከበን እንቀመጣለን። በእያንዳንዱ ቡችላ ፊት፣ በሁለቱ እግሮቹ መሀል፣ አንድ ቁራጭ የደረቀ ዓሣ ያስቀምጥና «ቁጭ!» ይላል፤ ከዚያ ተረቱን ይጀምራል። ተረቱ አልቆ «ሃላስ»፣ በቃ ማለት ነው፣ እስኪል ድረስ ውሻም ልጅም ንቅንቅ አይልም። አንዱ ከተንቀሳቀሰ፣ ወይም አንዷ ከተናገረች፣ ተረቱ ከመጀመሪያው ይጀመራል። በእኔ ምክንያት አንድ አጭር ተረት አራት ማታ የፈጀበት ጊዜ አለ።

«ድሮ፣» ይላል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የፍሙ ቅላት ጺሙ ላይ እየተጫወተ፣ «ድሮ ጨረቃ በወር በወሩ ወደ መሬት ትወርድ ነበር፤ የምታድረውም ጥንቸል ቤት ነው። ጥንቸል ግን አፏ አላርፍ አለ። ጅብም ዘንድ ሄዳ፣ ዝሆንም ዘንድ ሄዳ፣ ‹ጨረቃ እኮ እኔ ጋ ነው የምታድረው› አለች። በነጋታው አራዊት ሁሉ ደጇ ላይ ተሰለፈ፤ ጨረቃ እንቅልፍ አጣች። ተቆጣችና ‹ሁለተኛ የምመጣው ትንፍሽ ሳትይ ቆመሽ ከጠበቅሽኝ ነው› ብላት ሄደች። ይኸው እስከ ዛሬ ጥንቸል ብርሃን ባየች ቁጥር ጨረቃ የመጣች እየመሰላት…»

«ጂዱ፣ ታዲያ ጨረቃዋ ለምን ቀረች?» አልኩ እኔ።

ልጆቹ ሁሉ አቃሰቱ። ጂዱ ላዶ በረጅሙ ተነፈሰና «ድሮ፣ ጨረቃ በወር በወሩ ወደ መሬት ትወርድ ነበር…» ብሎ ጀመረ።

አንድ ማታ ደግሞ ተንኮሌ መጣና በተረቱ መሀል የእሱን ድምፅ አስመስዬ «ሃላስ!» አልኩ። ስድስቱም ቡችሎች ዓሣቸውን ዋጡ። ጂዱ ላዶ አልተቆጣም። «ማሌሽ፣ ግድ የለም፣ ቡችሎቹ ሁሉ ሰልጥነዋል፤ አንዲት ብቻ ቀርታናለች» አለና አንድ ቁራጭ የደረቀ ዓሣ አምጥቶ በእኔ እግሮች መሀል አስቀመጠ። «ቁጭ!» አለኝ። ያን ማታ ተረቱን እስከ መጨረሻው ሰማሁ፤ ዓሣዬንም በላሁ።

ቁጭ ማለት ለሻታ ቀለላት፤ ያስቸገራት መብራቱ ነበር። ገና ሲበራ ጥንቸሏን ትታ ብርሃኑን ታሳድዳለች፤ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ ግድግዳውን በግንባሯ ትመታለች። በዚያ ወር የጂዱ ላዶ ቤት አንድ ክንድ ወደ ምዕራብ ሳይሄድ አልቀረም። እሱም የጥንቸል ቆዳ በሣር ሞልቶ በገመድ አሰረና ገመዱን ለእኔ ሰጠኝ። እኔ በለውዙ መሀል እየጎተትኩ እሮጣለሁ፣ እሱ ያበራል፣ ሻታ ትላካለች። መጀመሪያ የያዘችው ቀሚሴን ነው። ከዚያ ተረከዜን። ስንት ማታ ከወደቅኩ በኋላ ቆዳውን ያዘች፤ ይዛ ስትመጣ ጂዱ ላዶ በዓሣ እየለወጠ ይቀበላታል፣ የያዘችውን ማስረከብ ከመብላት እንደሚሻል እንድታውቅ። አንዴ ብቻ የቆዳውን ጆሮ በላችው፤ ከዚያ ወዲህ የተለማመድነው በባለ አንድ ጆሮ ጥንቸል ነው።

አሥሩ ወር እንደዚህ ሄደ። ከረመዳን በፊት ያሉት ጨረቃ አልባ ሌሊቶች ሦስት ቀሩ። በመጀመሪያው ሻታ ሮጣ ባዶ አፏን ተመለሰች። በሁለተኛው ዝናብ ጣለ። ሦስተኛው የመጨረሻችን ነበር፤ ሾፌሩ በነጋታው ጠዋት ሊጭን ካስተም ገብቷል። አባዬ «ብትይዝ ማንም እጁን እንዳያሳርፍባት፤ ውሻዋ በአፏ ይዛ ትምጣ፣ መበላት አለመበላቷን በዓይኔ ማየት አለብኝ» አለ።

ያን ቀን ሙሉ ቢስሚላህ ስለማመድ ዋልኩ። በር ስከፍት ቢስሚላህ፣ ዝንብ ስመታ ቢስሚላህ። እናቴ «ተይ በቃሽ፣ ሸይጣን እኮ ሰፈሩን ለቆ ድንበር ተሻግሯል» አለች።

ጨለማው ሲጠና ወጣን። ነፋሱን በፊታችን እየተቀበልን፣ መብራቱን አጥፍተን፣ ጂዱ ላዶ ከፊት እኔና ሻታ ከኋላ። ማሰሪያው አንገቷን ዞሮ ሁለቱም ጫፍ እጄ ላይ ነው፤ አንዱን ስለቀው ትወጣለች። ጂዱ ላዶ ቆመና አበራ። ሣሩ እንደ ዱቄት ነጭ ሆነ፤ መሀሉ ላይ ጥንቸሏ ሁለት ጆሮዋን አቁማ ቆማለች። የሻታ መንቀጥቀጥ በገመዱ በኩል እስከ ክርኔ መጣ።

«ልቀቂ» አለ በሹክሹክታ።

ለቀቅኩ። በእንቅልፍ ልቡ የሚያወራው አፌ ያኔ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ተከፍቶ ቀረ። ምንም አልወጣውም። ጥንቸሏ ወደ ቀኝ ታጠፈች፣ ወደ ግራ ታጠፈች፣ ቀይ መስመር የመሰለች ሻታ ከኋላዋ ታጠፈች፤ እኔ እንደዚያ ያለ የሚያምር ነገር አይቼ አላውቅምና ቆሜ አየሁ። አቧራ ተነሳ፣ ጸጥ አለ። ቢስሚላህ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ዘጠኝ ጊዜ በተከታታይ አልኩት፣ ትርፉ ወደ ኋላ ሄዶ ቢሸፍንልኝ ብዬ።

ሻታ ስጠራት መጣች፤ ጥንቸሏ አፏ ላይ ተንጠልጥላለች። «ኩዌስ! ኩዌስ ሸዲድ!» እያለ ጂዱ ላዶ ባትሪውን እንዳዘለ ጨፈረ። እኔ ግን ቤት እስክንደርስ አልተናገርኩም።

«ምነው ያ ቢኒያ፣ ምነው ልጄ፣ አሞሻል?» አለኝ። እኔ ዝም ስል ሰው የሚጠረጥረው በሽታ ነው።

አባዬ በስልኩ መብራት ግቢ መሀል ቆሞ ይጠብቀናል፤ እናቴ ከኋላው። ሻታ ጥንቸሏን መሬት ላይ አኖረች፣ «ቁጭ» አልኳት፣ ተቀመጠች። አባዬ ጎንበስ ብሎ አየ። የተበላ የለም። ፊቱ ፈካ።

«ቢስሚላህ ብለሻል?»

ውሸቱ ተዘጋጅቶ ነበር። ጂዱ ላዶም ከፊት ስለነበር አልሰማኝም ብል አባዬ ያምናል። ግን እስከዚያ ቀን የዋሸሁት ሁሉ ለሰው ጆሮ ነበር፤ ይሄኛው በአባዬ አፍ የሚገባ ነው።

«ብያለሁ… በኋላ።»

«ከምን በኋላ?»

«ከያዘቻት በኋላ። ዘጠኝ ጊዜ።»

እናቴ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። አባዬ ቀና አለ። «እኔ ሸኽ አይደለሁም፤ ለረሳ ሰው ይቅርታ አለው ይሉ ይሆናል። የተጠራጠርኩትን ግን አልበላም። ላዶ፣ ውሰዳት፣ ላንተ ትሁን።»

«ሻታስ?» አልኩ።

«አንድም ሳይጎድል ብለን ነበር የተነጋገርነው» አለና ፊቱን አዞረ። ፊቱን ሲያዞር እሱም እንዳዘነ አውቄያለሁ፤ ያ ደግሞ ባሰብኝ።

ይኼኔ ሞተች ያልናት ጥንቸል ተነሳች። ሻታ ለካ አንድ ፀጉር እንኳ ሳትነቅልባት ነው ያመጣቻት። ጥንቸሏ አንድ በአንድ አየችን፤ ከዚያ በአባዬ ሁለት እግሮች መሀል ሾልካ ወደ በሩ ተፈተለከች። እናቴ ጄሪካን ላይ ወጥታ ጮኸች። ጂዱ ላዶ ባትሪው ከብዶት አንድ ጊዜ ዞረ። ሻታ ግን ቁጭ እንዳለች ናት። ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ ትንቀጠቀጣለች፣ ዓይኗ ጥንቸሏን ተከትሎ ሄዷል፤ ቂጧ ግን መሬቱን አልለቀቀም።

«ምን ሆነች? ለምን አትሄድም?» አለ አባዬ።

«አልተላከችማ፣ ሐጂ» አለ ጂዱ ላዶ።

አባዬ ሲሮጥ ታይቶ አይታወቅም። ያን ማታ ነጠላ ጫማውን ወረወረ፣ ሽርጡን በአንድ እጁ ሰበሰበ፣ በሌላው በሩን እያመለከተ «ቢስሚላህ! ሂጂ! ሂጂ ሻታ!» ብሎ ጮኸ። እስከዚያ ቀን ድረስ «ያቺ» ነበር የሚላት። ሻታ ወጣች፤ አባዬም ከኋላዋ። የስልኩ መብራት በለውዙ ላይ ሲዘል፣ «በግራ! በግራ ዙሪባት!» ሲል ይሰማናል። ጥንቸሏ ሣሩ ውስጥ ገብታ ጠፋች። ከዚያ ከጨለማው ውስጥ፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ «ነይ» አለ። ቀስ ብሎ ነበር ያላት። ሻታ ተመለሰች፣ ፊቱ ቁጭ አለች።

ስንደርስባቸው መሬት ላይ ተቀምጦ እንባው እስኪወርድ ይስቃል። «ሰልጥናለች እኮ» አለ። «ያልሰለጠንነው ሌሎቻችን ነን።» እጁን ላሰችው። ሰባት ጊዜ ሊታጠብ ሲሄድም ይስቅ ነበር። በነጋታው ሾፌሩ ውሻዋን ሲጠይቀው «ውሻ የለንም፣ አዳኝ ነው ያለን» ብሎ ሸኘው።

ዛሬ ጂዱ ላዶ የለም፤ ከተረቶቹም ግማሹን ረስቼ በራሴ ጠጋግኛቸዋለሁ፤ እሱ ነግሮኝ በማያውቀው፣ እኔው በፈጠርኩት ተረት ውስጥ አንዳንድ ጊዜ ድምፁን እሰማለሁ። ያቺ ሌሊት ግን አልተነካካችም። አባዬ አርጅቶም ሱቁ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ለደንበኛ ሁሉ ይተርካታል፤ ጥንቸሏን በየዓመቱ ያሳድጋታል፣ ዘንድሮ ፍየል አክላለች። እኔ ደግሞ፣ ሰው ማጋነኔን ስለሚያውቅ፣ እንዲያምነኝ ብዬ በየዓመቱ አሳንሳታለሁ፤ ዘንድሮ ከአይጥ ትንሽ ነው የምትበልጠው። እውነተኛዋ ጥንቸል በሁለታችን መሀል የሆነ ቦታ ተቀምጣ ሁለታችንንም ሳትሰማን አትቀርም።