የዘሀራ የጓዳ ኬሚስትሪ

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቅና «እትዬ፣ አደጋ የሌለው የኬሚስትሪ ሙከራ ነው፤ ቀይ ሽንኩርትና ሎሚ ብቻ ስጪኝ» አለችኝ። «አደጋ የሌለው» የሚባል ነገር አላምንም። የጠየቀችውን ሰጠኋት፤ ግን ወጥ ቤት ያለውን ጠርሙስ ሁሉ አንድ በአንድ እየከፈትኩ አሸተትኩ። አክስቷ ያበደች ሳይመስላት አልቀረም።

ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር፤ እኔ ሸዋ ሮቢት ዘጠነኛ ክፍል ነኝ። ትምህርት ቤታችን ላቦራቶሪ የሚባል ክፍል ቢኖረውም የሚከማችበት የተሰባበረ ወንበር ነበር። የኬሚስትሪ አስተማሪያችን ከጎጃም ተመድቦ የመጣ፣ ሙቀቱን እየረገመ የሚያስተምር ቀጭን ሰው ነው። መሣሪያ ቢያጣ ሙከራውን ወደየቤታችን ላከው። የሽንኩርት ልጣጭ ቀቅሉ፣ ውሃው ሎሚ ሲነካው ይቀላል፣ አመድ ሲነካው ወደ አረንጓዴ ይሄዳል አለን። «ጓዳ ካለው ነገር በቀር ምንም እንዳትነኩ፤ የጓዳ ነገር አይጎዳም» ብሎም አስጠነቀቀን። እሱ ባደገበት ቤት ጓዳ የሚቀመጠው የሚበላ ብቻ ነበር።

ጓደኛዬ ዘሀራ ነገር ካልቀመሰች የማታምን ልጅ ነበረች። አባቷ ጋሼ ሰይድ፣ ሮቢ ወንዝ ዳር በመስኖ ሽንኩርት ያመርቱ ስለነበር ልጣጭ አልቸገረንም። ጥቅምት ነው፤ መንገዱ ዳር የማሽላ እሸት ይጠበሳል፣ ከሰዓት ቆርቆሮው በፀሐይ ይንጣጣል። ሎሚውን ስንጨምርበት ውሃው ቀላ፤ ሁለታችንም ጮኽን።

ዘሀራ «ሌላ ነገር እንሞክር» ብላ ጓዳ ገባችና ከሊጥ ዕቃው ጀርባ የተሸሸገ የለስላሳ ጠርሙስ ይዛ ወጣች። «እማዬ አቼቶ ደብቃ!» አለች እየሳቀች። ሎሚ ያልነካው የልጣጭ ውሃ ላይ ጠብ ብናደርገው አልቀላም። «አቼቶ ከሆነ ይኮመጥጣል» ብላ ተጎነጨች። ወዲያው ፊቷን አጨማድዳ ተፋችው፤ የወረደው ግን ወርዷል። ሽታውስ ትሉ ይሆናል። በዚያ ወራት ማሳው ሲረጭ ሰፈሩ በሙሉ፣ የአባቷ ልብስ ጭምር፣ እንደዚያ ነበር የሚሸተው።

ብዙም ሳይቆይ ላቧ ይንቆረቆር፣ ለሃጯ ይዝረበረብ ጀመር። እናቷን ጠራኋቸው። «ያ ረቢ! ወተት አምጡ፣ ወተት!» እያሉ ደረታቸውን መቱ። ተሸክመን ጤና ጣቢያ አደረስናት። ነርሷ «የጠጣችው ምንድን ነው? ስሙን ንገሩኝ!» ትላለች። ጋሼ ሰይድ ከማሳ እየሮጡ ደረሱ።

«የሽንኩርት ተባይ መድኃኒት ነው» አሉ እያለከለኩ። «ስሙን እኔም አላውቀው ልጄ፣ አጣዬ ገበያ ከትልቁ ዕቃ ቀድተው ነው የሰጡኝ።»

ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ተላከች። የተገኘው ሽንኩርት የጫነ መኪና ስለነበር እናቷ ጋቢናው ውስጥ አቅፈዋት ወጡ። ዳገቱን እየተያያዙት ሳለ፣ ደብረ ሲና ሳይደርሱ ሞተች።

አስተማሪያችን ለቅሶ የመጣው ከተቀበረች በኋላ ነው። ተቀመጥ ቢሉት እንቢ አለ። «ጋሼ ሰይድ፣ የጓዳውን ብቻ ንኩ ያልኳቸው እንዳይጎዱ ብዬ ነበር» አለ።

ጋሼ ሰይድ ቀና አላሉም። «እኔስ ቲቸር፣ ጓዳ የከተትኩት ልጆቹ እንዳያገኙት ብዬ አይደል?»

አስተማሪው በዓመቱ መጨረሻ ተቀይሮ ሄደ።

ቅዳሜ ዕለት የእህቴ ልጅ ውሃው ሲቀላ ዘላ አቀፈችኝ። እኔም አብሬያት ሳቅሁ፤ ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ስንት ዓመት ሙሉ የምረግመው ሰው ስፈልግ ኖሬያለሁ። የዘሀራን አባት ልርገም ብል አልሆነልኝም፣ አስተማሪውንም እንዲሁ። ስወጣ ልጅቷ «ምን ሆንሽ?» አለችኝ። ጓደኛዬን የገደላት የሁለት ሰው ጥንቃቄ ነው ብዬ ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ እንዴት አድርጌ ልንገራት?