ነብሮ የተጠራበት ቀን

ጥቅምት በገባ ቁጥር ከአኖ ከሚመጣው አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አንድ ጆንያ ይወርድልኛል። አፉ በወፍራም ክር የተሰፋ ነው። ስፌቱን ስፈታ የሚወጣው ሽታ የአፈር ብቻ አይደለም፤ እርጥብ አፈር፣ የተቀጠፈ ሐረግና ትንሽ መረር የሚል፣ እንደ ድንች ተቆፍሮ የሚበላ የአንጮቴ ሥር አንድ ላይ ሆነው ነው የሚሸቱት። ዘንድሮም እጄን ወደ ጆንያው ስሰድ ያ ቀን መጣብኝ። እንደነበረ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

አስቀድሜ ግቢው ውስጥ የነበርነውን ልናገር። አባቴ ነበረ፤ ልብስ ሰፊ ነው። እናቴ ነበረች፤ ጎጃሜ ናት፣ በቤታችን ሁለቱም ቋንቋ የሚነገረው በእሷ ምክንያት ነው። አዳዳ የምንላት የአባቴ እህት ነበረች፤ ከሲሬ ለመስቀል መጥታ ገና አልተመለሰችም። እህቴ ነበረች፤ ታላቄ ናት። እኔ ነበርኩ። ጉራቲ የምንላት ጥቁሯ አሮጊት ውሻችንና ልጇ ነብሮ ነበሩ። ከአጥሩ ውጭ ዋንዛው ሥር ሦስት ሽማግሌዎች ነበሩ። ሌላ ማንም አልነበረም። የሰዎቹን ስም አልጽፍም። ውሾቹ ግን ስማቸው ቢነሳ አይከፋቸውም።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። በዚያን ጊዜ፣ በጃንሆይ ዘመን፣ ነቀምቴ ውስጥ በእኛ ሰፈር ልጅ የሚጠይቁ ሽማግሌዎች በር አያንኳኩም ነበር። ማለዳ መጥተው ደጅ ይቀመጣሉ። አንድ ጊዜ ብቻ «ነጋ ቡልተኒ?» ብለው፣ በሰላም አደራችሁ ወይ ማለት ነው፣ ሰላምታቸውን ከአጥሩ ወዲህ ያሰማሉ። ከዚያ ይጠብቃሉ። ከግቢው የሰው ድምፅ ከሰሙ ቤቱ ተቀብሏቸዋል፤ በሩ ይከፈታል፣ ልጅቷም ተሰጠች ማለት ነው። ፀሐይ እስክትጠልቅ ምንም ካልሰሙ አቧራቸውን አራግፈው ይሄዳሉ። ለሦስተኛ ጊዜ እንዲህ ውለው ከሄዱ ግን አይመለሱም። እምቢ የሚል ቃል ከማንም አፍ ስላልወጣ የሚቀየም አይኖርም። ያ ቀን ሦስተኛው ነበር።

እምቢ ብሎ መናገር ለአባቴ የሚቻል ነገር አልነበረም። እህቴን የፈለጋት ሰው አኖ የሚኖር፣ ሚስቱ የሞተችበት ባለ ብዙ ከብት ነው። ክፉ ሰው ነው ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ቤታችን የቆመበት መሬት ግን የአጎቱ ርስት ነበር። እህቴ ደግሞ ከገና በኋላ በከተማው ሆስፒታል የነርስ ትምህርት እንድትጀምር ተቀብለዋታል፤ የሚቀበሉት ያላገባችውን ብቻ ነው። እንግዲህ ያችን አንዲት ቀን ድምፅ ሳናሰማ ከዋልን እህቴ ትማራለች። ነገሩ ይኸው ነበር።

ጠዋት የሽማግሌዎቹ ሰላምታ ሲሰማ አባቴ ዶማውን አነሳና ወደ ጓሮ አመለከተን። እናቴ ቤት ውስጥ ብንቀመጥ ምን አለበት ብላ በሹክሹክታ ጠየቀችው። «ቤት ከተቀመጥን እናወራለን» አላት። ተከትለነው ሄድን።

ጓሯችን ጠባብ ነው። በሦስት በኩል የቀርከሃ አጥር፣ በአንድ በኩል የቤቱ ጀርባ። መሐሉ ላይ አንጮቴው ባቆምንለት እንጨት ላይ ተንጠልጥሎ እንደ መጋረጃ ሆኗል፤ ፍሬው በስሎ ቀይ ነጠብጣብ መስሎ በቅጠሉ መሐል ይታያል። ዝናቡ ቆሞ ሰማዩ ጠርቶ ነበር። ከአጥሩ በላይ በሩቁ ኮረብታ ላይ የኑግ አበባ ቢጫ ሆኖ ይታየኝ ነበር፤ እዚያ ድረስ መሄድ በሚችል ሰው ሁሉ ያን ቀን ቀናሁ።

አንጮቴ ሲቆፈር አይቸኮልም። ከግንዱ ራቅ ብሎ ይጀመርና አፈሩን በአንካሴ እያላሉ ወደ ሥሩ ይጠጋሉ። ሥሩ ከተጫረ አይቆይም፣ ይበሰብሳል። የእኔ ሥራ መቆፈር ነበር፤ የእህቴ ሥራ አፈሩን በመዳፏ እየጠረገች ማውጣት። ሁሉም ግን አይወጣም። ከሥሮቹ ሁሉ ጠንካራው ተመርጦ መሬት ውስጥ ይቀራል፤ በየዓመቱ ከዚያው ይበቅላል፣ ጥሩ ዘር የሚገኘውም ከእሱ ነው። እናት ሥር እንለዋለን። የሚመርጡት ሴቶች ናቸው። ያን ቀን እናቴ ዓይኗ ከበሩ ስላልተነሳ እህቴ መረጠች። ጎንበስ ብላ አንዱን በጣቷ አንኳኳችና «ይሄ ይቅር፣ አልብሰው» አለችኝ በትንፋሽ። አፈር መለስኩበት።

ውሾቹ አልታሰሩም። ውሻ ማሰር እንግዳ መጠበቅ ነውና እሱም እንደ መልስ ይቆጠራል። ጉራቲ እድሜዋ ስለገፋ ፀሐይ ባረፈበት እየተከተለች ትተኛለች። ነብሮ ግን የፍልፈል ጠላት ነበር። አንጮቴያችንን የሚበላው ፍልፈል ስለሆነ እኛም እናሞግሰዋለን። ያን ዕለት ከጠዋት ጀምሮ አንዱን ተከትሎ በአጥሩ ሥር ይቆፍር ነበር፤ በፊት እግሮቹ የሚወረውረው አፈር ቅጠሉ ላይ ሲያርፍ ይሰማኛል። ማንም አልከለከለውም። መከልከል መናገር ነዋ።

ረፋድ ላይ ውሃ አለቀ። ምንጩ ከበሩ ውጭ፣ ከዋንዛው አለፍ ብሎ ነው። እንስራው ሥር የቀረችውን እናቴ በማንቆርቆሪያ አድርጋ ጥላ ውስጥ አኖረቻት፣ እኛም አንነካትም ነበር። የሚያስጨንቃት የእኛ ጥም ግን አልነበረም። በእኔ አገር ሽማግሌ ደጄ ላይ ውሎ ውሃ ሳይቀምስ አይሄድም እያለች ማንቆርቆሪያዋን እያነሳች መልሳ ታስቀምጣለች። አዳዳ ደግሞ የሲሬው አውቶቡስ ጡሩምባውን ነፍቶ ሲያልፍ ሰምታ በንዴት ተቀመጠች። እኔ እኮ የዚህ ቤት ሰው አይደለሁም፣ የእኔ ድምፅ አይቆጠርም፣ ልውጣ አለች። አባቴ በዓይኑ ብቻ መለሰላት።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ቀልደኛ ነበር። ሥራው እኛን ማናገር ነው፤ ያም የወጉ አንድ ክፍል ነው። ከሰዓት በኋላ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጀመረ።

«እዚህ ቤት የሚቆፍረው ሰው ነው ፍልፈል?»

ዝም አልን።

«ፍልፈል ነው። ሰው ቢሆን ሳል ይይዘው ነበር። እናንተ፣ የዚህ ቤት ፍልፈሎች፣ ልብስ ሰፊው ሱሪዬን ከፋሲካ ጀምሮ እንደያዘ ነው፤ ለብሳችሁት ከሆነ ንገሩኝ።»

አዳዳ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ እህቴም ሳቅ ያዛት፣ ፊቷን ቅጠሉ ውስጥ ደበቀች። አባቴ ራሱ ፊቱን አዞረ። ሱሪው እውነት ነበር፤ ከስፌት መኪናው አጠገብ ተንጠልጥሎ ነበር። ያን ቀን የሳቅነው ያን ጊዜ ብቻ ነው፣ እሱንም ድምፅ ሳናወጣ።

ሁለተኛው ሽማግሌ የሙሽራው ወገን፣ ዋናው ተናጋሪ ነው። ሦስተኛው በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጡ፣ ዓይናቸው የደከመ፣ ረጅም ዘንግ የሚይዙ ሰው ናቸው። ለእህቴ ፊደል ያስቆጠሯት እሳቸው ናቸው። እኔን ትምህርት ቤት የላከኝ ስላልነበረ እህቴ ከእሳቸው የተማረችውን ማታ ማታ ለእኔ ታስቆጥረኝ ነበር፤ ስለዚህ ዛሬ የምጽፈው ፊደል ከእሳቸው እጅ የመጣ ነው። ለዚህ ሽምግልና የወጡት ታላቅ ስለሆኑና ተለምነው እምቢ ማለት ስላልቻሉ እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ቀኑን ሙሉ ድምፃቸውን አልሰማንም።

ፀሐይዋ ወደ ኮረብታው ወረደች። የዋንዛው ጥላ አጥሩን ተሻግሮ ጓሮ ገባ፣ የተቆፈረው አፈርም ቀዝቅዞ ሽታው በረታ። እህቴ የወጣውን ሥር በቅጠል እየሸፈነች ቀና ብላ ሰማዩን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ፤ ፊቷ ላይ ፈገግታ የሚመስል ነገር ነበር። ትንሽ ነው የቀረው ማለቷ ነው። እኔ የመጨረሻውን መስመር ልጨርስ ወደ ሐረጉ ጀርባ ዞርኩ።

ታላቁ ሽማግሌ እግራቸውን ሊያፍታቱ ተነስተው በአጥሩ ዳር መራመድ የጀመሩት ያን ጊዜ ነው። የዘንጋቸው ኳኳታ በአጥሩ ማዶ ሲቀርብ ይሰማኝ ነበር። ነብሮም ሰማው። ከጠዋት ጀምሮ ሲቆፍረው የዋለው የፍልፈል ጉድጓድ አጥሩን አልፎ ኖሯል። በአንድ ጊዜ ከጓሮው ጠፋና ጉርምርምታው ከውጭ መጣ። ነብሮ ዘንግ አይወድም፤ ከዚያ በፊትም ዘንግ የያዘ ሰው ነክሷል። የሽማግሌው ዘንግ ድንጋይ ላይ ወድቆ ሲጮህ፣ ቀጥሎም ሰው ሲወድቅ ሰማሁ።

«ነብሮ! ኮቱ!»

ና ማለቷ ነው። የእህቴ ድምፅ ነው፤ ቀኑን ሙሉ በትንፋሽ ስንነጋገር ስለዋልን ግቢው ውስጥ ደወል የተመታ መሰለኝ። ከሐረጉ ጀርባ ብቅ ስል ነብሮ በጉድጓዱ ተመልሶ ገብቶ እግሯ ሥር ተቀምጧል። አፍንጫው ላይ ጭቃ ነበረበት። ጅራቱን ይቆላ ነበር።

 መጀመሪያ የተናገሩት ታላቁ ሽማግሌ ናቸው፣ ከወደቁበት ሳይነሱ።

«እኔ የሰማሁት ነገር የለም» አሉ። «ጆሮዬ ከደከመ ቆይቷል። እናንተም አልሰማችሁም።»

ቀልደኛው መለሰላቸው። ሲናገር ድምፁ ውስጥ ቀልድ አልነበረም።

«አባ፣ ውሻው ግን ሰማ» አለ።

ዋናው ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠርጎ «ነጋ ኦልተኒ?» አለ፤ በሰላም ዋላችሁ ወይ። አባቴ ዶማውን ከአጥሩ አስደግፎ አቆመው። እጁን በሱሪው ላይ ጠረገ፣ እንደገናም ጠረገ፤ ከዚያ በሰላም ዋልን ብሎ መለሰና በሩን ሊከፍት ሄደ።

እህቴ ቀደመችው። ማንቆርቆሪያዋን ከጥላው አንስታ ወጣች፣ ሽማግሌው አጠገብ ተንበርክካ የተላጠ ጉልበታቸውን ማጠብ ጀመረች። ቀኑን ሙሉ ያልጠጣናት ውሃ እዚያ ፈሰሰች። እኔ ተከትያት ስለወጣሁ የተባባሉትን ሰምቻለሁ።

«ምነው ዝም ብትይ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ።»

«እየነከሰዎት?»

«ትንሽ ነበር እኮ የቀረው።»

 እህቴ ከነጠላዋ ጥለት ላይ ቀድዳ ጉልበታቸውን ጠቀለለች፤ ጥብቅ ያለ፣ ግን የማያሳምም አጠቃለል ነው። ሆስፒታሉ ስትመላለስ ያየችው ይሆናል። ጥፍሯ ውስጥ የአንጮቴ አፈር ነበረ።

የገና በዓል አለፈ፣ እህቴ ተድራ ወደ አኖ ሄደች። ነብሮ እስከ ከተማው ዳር ተከትሏት ተመለሰና ለብዙ ቀን ጉድጓዱ አጠገብ ተኛ። ጉራቲ በበጋው ሞተች። ታላቁ ሽማግሌም አሁን የሉም። ያ ይቅር ብላ የመረጠችው እናት ሥር ግን እስካሁን ጓሯችን ውስጥ አለ፤ ፍሬው ሲበስል ዘሩን እልክላታለሁ፣ እሷ የበቀለውን ሥር በጆንያ ትመልስልኛለች። የጆንያውን አፍ የምትሰፋው በአባታችን ስፌት ነው። ጆንያውን የሚያወርደው የአውቶቡስ ረዳት ደህና ናት ይለኛል። ሌላ ነገር አልጠይቀውም።

አንድ ያልተስተካከለ ነገር ስላለ ነው ይህን ሁሉ የጻፍኩት። አዳዳ፣ ነብሮ ሲወጣ አባቴ ከእህቴ ፊት ለፊት ቆሞ አፉን ሊከፍት ነበር፣ እህቴ የቀደመችው ቃሉ ከእሱ እንዳይወጣ ብላ ነው ትላለች። እናቴ፣ አባትህ ጀርባውን ሰጥቶ ነበር፣ ምንም አላየም ትላለች። አባቴን ጠይቄው ዶማው የት እንደነበር ነው የነገረኝ። እሷን መጠየቅ አልችልም። ስለዚህ እዚያ የነበራችሁ፣ አዳዳም፣ እናቴም፣ በአጥሩ ስንጥቅ አይታችሁ ከሆነ ዋንዛው ሥር የነበራችሁት ሁለታችሁም፣ የምታስታውሱትን ጨምሩበት። ከመጥራቷ በፊት ወደ አባቴ አይታ ነበር? እሱስ አይቷት ነበር? እኔ ከሐረጉ ጀርባ ነበርኩ፤ ድምፅዋን ብቻ ነው የሰማሁት።