የጵርስቅላ ላይላክ

ጎረቤቴ ጵርስቅላ የነካችው ሁሉ ይጸድቅላት ነበር። የእንሰት ችግኝ ፍለጋ ከሾኔ ድረስ ሆሳዕና ከተማ የሚመጡባት ሴት ናት። እምቢ ያላት ተክል አንድ ብቻ ነው።

በታኅሣሥ ግርግር ዓመት፣ በሚሲዮኑ ክሊኒክ ልብስ ታጥብ በነበረበት ጊዜ፣ የፈረንጇ ነርስ ልብስ ምን ምን እንደሚሸት ጠየቀቻት። ነርሷም ሽቶው ላይላክ ከሚባል የአገሯ አበባ እንደሚሠራ ነገረቻትና ከግቢዋ አንዲት ቡቃያ ከነሥሯ ነቅላ ሰጠቻት። «እኔ ጋ አላበበም፤ ላንቺ ያብብ ይሆናል» አለቻት። ጵርስቅላ ይህን እንደ አደራ ቆጠረችው።

እንሰት ከቦታ ቦታ እየተዛወረ ነው የሚፋፋው። ችግኙ ይነቀላል፣ ሥሩ ይከረከማል፣ ሰፋ ባለ ጉድጓድ እንደገና ይተከላል። እሷም ላይላኩን እንደዚያው አደረገችው። ጥር በገባ ቁጥር ትነቅለዋለች፣ ትከረክመዋለች፣ ከአምናው የተሻለ ፍግ ታለብሰዋለች። አራት ዓመት ሙሉ! ከጉልበቷ አላለፈም።

ሰፈሩ ሳቀባት። አይበላ፣ አይነድ፣ አያስጠልል እያልን። እኔም ከሳቂዎቹ አንዷ ነበርኩ፤ አሁን አፍርበታለሁ። ባሏ አቶ ማቴዎስ፣ የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ፣ በመጨረሻ ትዕግሥታቸው አለቀ።

«እስከ በልግ ካላበበ ይቆረጥና እንሰት ይገባበታል» አሉ። እሳቸው ካሉ አሉ ነው።

በአምስተኛው ጥር አዲስ ጉድጓድ ልትመርጥ እንሰቱ መሀል ገባች። መጀመሪያ የተከለችበት ቦታ ላይ ተቆርጦ የቀረ የላይላኩ ሥር አቆጥቁጦ፣ ማንም ሳይነካው፣ ትከሻዋ ደርሷል። ቁጢጥ ብላ ብዙ አሰበች። ከዚያ በአጥሩ ላይ ጠራችኝ።

«ነይ እስኪ እይው፤ አላሳድግ ያልኩት እኔ ነኝ» አለችኝ።

ዕድሜ ልኳን የተመሰገነችበት እጇ እንዳጠፋ አፍ አውጥታ መናገሯ አስደነቀኝ። እኔ ብሆን ነርሷን ነበር የምረግመው።

የቀሩት ሁለት ወራት ብቻ ናቸው። መቆፈሪያዋን እኔ ቤት አስቀመጠች። ብትለምነኝም እንዳልሰጣት አስማለችኝ። ሁለት ጊዜ መጣች፣ አንዴ «አፈሩን ብቻ ላላላው» ብላ፣ አንዴ እጇን ብቻ ዘርግታ። ከለከልኳት። እጇን ጨብጣ ስትመለስ አሳዘነችኝ።

መጋቢት ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ጣለ። ቅዳሜ ጠዋት አቶ ማቴዎስ መጥተው «መቆፈሪያውን ስጪኝ» አሉ። እሳቸውን እንድከለክል አልማልኩም፤ ሰጥቼ ተከተልኳቸው።

እንሰቱ መሀል ሳንደርስ ሽታው ተቀበለን። ከጫፉ ላይ ሁለት ዘለላ ወይን ጠጅ አበባ ፈክቷል። ጵርስቅላ ፊት ለፊቱ ቆማለች፤ ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች እንጃ፣ ነጠላዋ በጤዛ ርሷል። ዞር አለችላቸው።

አቶ ማቴዎስ ጎንበስ ብለው አሸተቱ። ደግመው አሸተቱ። ከዚያ ኮታቸውን አውልቀው መቆፈር ጀመሩ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ከላይላኩ አጠገብ ያለውን፣ ለከርሞ ልንበላው ነው ሲሉት የነበረውን ትልቁን እንሰት እየነቀሉ ነው።

«ፀሐይ ከልክሎታል» አሉ፣ ወደ እሷ ሳያዩ።