ከወለሉ ሥር የሚያንኳኳው

ይህችን ሾፌር በቅርብ የሚያውቃት ሰው ቢጽፍላት ይሻል ነበር። እዚህ የተጻፈው ከኋላ ወንበር የሚታየው ነው፤ ማጅራቷና በመስታወት የሚታየው ግማሽ ፊቷ። የቀረው የተሳፋሪ ወሬ ነው፤ ወሬ ደግሞ በየፌርማታው ይጭናል እንጂ አያራግፍም።

ተሳፋሪዎቿ «ሦስተኛ» ይሏታል። መንገዱ ባዶ ቢሆንላት እንኳ ከሦስተኛ ማርሽ አታልፍም ለማለት ነው። ሰምታ እንዳልሰማች ትሆናለች። የባሏ ዓይን ሲደክም መሪውን የተረከበችው እሷ ናት፤ የስፌት ፋብሪካ ሠራተኞችን ጠዋት ታደርሳለች፣ ማታ ትመልሳለች። ሚኒባሱ ግን የባሏ ብቻ አይደለም። ግማሹ የታላቅ ወንድሙ ነው።

ታላቅየው ደግሞ እሷ መሪ ስትይዝ ደስ ብሎት አያውቅም። ስለዚህ ሚኒባሱ «ጓ!» ማለት ሲጀምር ሰበብ አገኘ። ማርሽ ስትቀይር ጓ፣ ነዳጅ ስትለቅ ጓ፣ ወደ ኋላ ሄዳ ወደ ፊት ስትነሳማ አይጣል! ጋቢና ተቀምጦ አንድ ዙር አብሯት ሄደና ቤት ሲገቡ ፈረደ።

«ካምቢዮው አልቋል። ፍሪሲዮን ረግጠሽ ሳትጨርሺ ማርሽ እየቀየርሽ ፈጨሽው። ሳይበታተን ይሸጥ።»

ባሏ አንገቱን ደፋ። በእነሱ ቤት ታላቅ ከተናገረ በኋላ የሚናገር የለም። እሷ ግን ቁልፉን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ጉያዋ ከተተችው።

«በሽታው ሳይታወቅ ጉድጓድ አይማስም፣ ጋሼ። መጀመሪያ ይመርመር።»

«ያየው የጋራዡ መካኒክም ካምቢዮ ነው ብሏል እኮ!»

«እሱም እንደ እርስዎ ጋቢና ተቀምጦ ነው ያለው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋቢና የተከበረ ሰው መቀመጫ ነው፤ ታላቅየውም መካኒኩም ሌላ ቦታ ተቀምጠው አያውቁም። የሞተሩ ክዳን ደግሞ ከዚያው ወንበር ሥር ስለሆነ እዚያ ለተቀመጠ ሰው ድምፅ ሁሉ ከማርሹ ሥር፣ ከካምቢዮው፣ የመጣ ይመስለዋል። እሷም እንደዚያው ሲመስላት ከርሟል። ከዚህ ክርክር ቀደም ብሎ አንድ ጠዋት ግን መሃል ወንበር ላይ የምትቀመጥ ሠራተኛ፣ ጓ ባለ ቁጥር እግሯን ብድግ ስታደርግ በመስታወት አየቻት። ስትወርድ ምን ሆነሽ ነው አለቻት።

«ከሥሬ እያንኳኳ ክፈቱልኝ የሚል ሰው ያለ ይመስለኛላ!» ብላ ሳቀች ሴትየዋ።

ሾፌሯ አልሳቀችም። ተስፋ ያዘች፤ እርግጠኛ ግን አልነበረችም። አስመርምራው ካምቢዮው ሆኖ ከተገኘ መሪውን በገዛ እጇ ማስረከቧ ነው።

በክርክሩ ማግስት ታላቅየውን ጋራዥ ድረስ ወሰደችው።

«ጋሼ፣ ዛሬ ጋቢና የለም። መሃል ወለሉ ላይ ይተኙልኝ።»

«እኔ?»

«የሚፈርዱት እርስዎ አይደሉ? ዳኛ ሳይሰማ አይፈርድም።»

መካኒኩ ሳቁን በእጁ ጀርባ አፈነ። «ካርቶን ላንጥፍልዎት፣ ጋሼ? ኮትዎ እንዳይቆሽሽ።»

«አንተ ዝጋ!»

እምቢ ቢል ፈራ ሊባል ነው። ኮቱን አውልቆ ጆሮውን ወለሉ ላይ ለጠፈ። እሷ ከጋራዡ ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ በሁለተኛ ማርሽ ነዳችው፤ እጇን ከማርሹ አንስታ ነዳጁን ረገጠች፣ ለቀቀች። ጓ!

«የት ነው፣ ጋሼ?»

ሌላኛውን ጆሮውን ገልብጦ ለጠፈ።

«የት ነው?»

«እስቲ ድገሚው።»

ደገመችው። ጓ!

«ከሆዴ ሥር ነው» አለ፣ እንደ ተበደለ ሰው። «ከፊት አይደለም።»

«ካምቢዮው ተሰዶ ካልሆነ በቀር እዚያ ምን ይሠራል?» አለ ጋቢና የተቀመጠው መካኒክ። አሁን እሱም መጠራጠር ጀምሯል።

ሚኒባሱ የጋራዡ ጉድጓድ ላይ ቆመ፤ ማርሽ እንደገባ ሞተሩ ጠፋ፣ ጎማው ሥር ታኮ ተደረገ። መካኒኩ ከታች ገብቶ፣ የሞተሩን ኃይል ከካምቢዮው ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሰውን ረጅም ዘንግ በሁለት እጁ ጨብጦ ግራና ቀኝ ወዘወዘው። ዘንጉ መሃሉ ላይ እንደ ጉልበት የሚተጣጠፍበት ክሮቼራ የሚባል መገጣጠሚያ አለው። አንዱ ጎኑ ዞሮ ሌላው ዘግይቶ ተከተለው፤ በመካከሉ ያቺው ድምፅ ተሰማች። ቅባቱ ደርቆ ዝገት ሆኗል።

«ክሮቼራው ነው!» ሲል ከጉድጓዱ ጮኸ። «ካምቢዮውን ይቅርታ ብሎሃል በሉልኝ!»

«እኔንስ?»

«አንቺንም፣ እትዬ። አንቺን ግን ወጥቼ ነው።»

አዲስ ክሮቼራ ሲገባለት የፋብሪካው መውጫ ሰዓት ደርሶ ነበር። ሾፌሯ ወንበሯ ላይ ወጥታ አንደኛ ማርሽ አስገባች። ጓ የለም። ታላቅየው ኮቱን በክንዱ ይዞ መጣና በሩን ያዘ።

«እሺ፣ አገኘሽው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ካምቢዮው ሆኖ ቢሆን ኖሮ ቁልፉን ትሰጪኝ ነበር?»

ነዳጁን በቀስታ ነካ አደረገችው።

«ጠየቅሁሽ እኮ!»

«ሰምቻለሁ» አለች፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሳ። «እጅዎን ከበሩ ያንሱልኝ፣ ጋሼ።»