የአራተኛው ፎቅ ዱካ

ጎረቤቴ ሴና የምትተዳደረው በዓለም ላይ የሌለ አውሬ ዱካ በመሥራት ነው። መጀመሪያ ስትነግረኝ የምትቀልድብኝ መስሎኝ «አንቺ ልጅ፣ እኔ እማዋይሽ ጡረታ ወጣሁ እንጂ አልጃጀሁም» ብያታለሁ። ነገሩ ግን እውነት ነው። ጎፋ ያለ አንድ ቢሮ ለውጭ አገር ሰዎች የስልክ ጌም ይሠራል። ተጫዋቹ በየጫካው እየዞረ እንግዳ አውሬ እየያዘ ይሰበስባል። አውሬው ከመታየቱ በፊት ዱካው መሬት ላይ ይታያል፤ ከተያዘ በኋላም በመዝገብ ውስጥ ከስሙና ከመልኩ ጎን ዱካው ይቀመጣል። መልኩን ሌሎች ይሥሉታል፤ ዱካው የሴና ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ እግር!

እውነቱን እንናገር ከተባለ ደግሞ ዱካው የሴናም አይደለም፤ የአባቷ የኦቦ ዳባ ነው። እኚህ ሰው እዚሁ ላፍቶ፣ ዛሬ ኮንዶሚኒየማችን በቆመበት አካባቢ ገበሬ ነበሩ። የሰው በሬ ሲጠፋ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ባለቤቱ ነፋስና ዝናብ እንዳያጠፋበት ዱካውን በቁና ከድኖ ይጠብቃቸዋል። እሳቸው ቁናውን ገለጥ አድርገው በሬው የማን እንደሆነ፣ የትኛው እግሩ እንደሚያመው፣ ሰው ነድቶት ይሁን በራሱ የሄደ ይናገራሉ። አሁን ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሎ አራተኛ ፎቅ ላይ ቀርተዋል። ከፋሲካ ወዲህ ደረጃውን አልወረዱም። ቢወርዱስ ከአስፋልት ላይ ምን ዱካ ይነበባል?

ሴና ከቢሮ የሚላክላትን የአውሬ ሥዕል ታሳያቸዋለች። እሳቸው መነጽራቸውን ያደርጉና «ምን ይበላል? ሆዱ ይከብደዋል? አድፍጦ ነው ወይስ ሸሽቶ የሚሄደው?» እያሉ ያፋጥጧታል። ከዚያ በረንዳው ላይ አንድ ትልቅ ትሪ ጭቃ አቡክተው በጡጫቸው፣ በአውራ ጣታቸው፣ አንዳንዴም በማንኪያ ጀርባ እየተጫኑ ዱካውን ያወጡታል። «አውሬ መሬት ላይ የሚጽፈው ክብደቱን ነው» ይላሉ። ሴና ፎቶ አንስታ ኮምፒውተር ላይ ትሥለዋለች። ቢሮው የአባቷን እጅ አያውቅም፤ የሚያደንቀው እሷን ነው፤ ባደነቃት ቁጥርም ሌላ እግር ይልክላታል።

ልጅቷ ግን ታፍናለች። «እትዬ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ዓይን ብሥል» አለችኝ አንድ ቀን። «ዓይን፣ አፍ፣ ጆሮ። እግር እግር ስል ሕልሜ ሁሉ ከጉልበት በታች ሆነ።» እኔ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም፤ በሳቄ አፈርኩ።

ባለፈው ወር መልክ ከሚሥሉት ሰዎች ዘንድ አንድ ቦታ ተከፈተ። ፈተናው አንድ አዲስ አውሬ ከራስ እስከ ጅራት መሥራት ነበር። ኦቦ ዳባ መፈተኗን ያውቃሉ፤ እሷ ግን ምንም አላማከረቻቸውም። ዐሥር ቀን ብቻዋን ሠራች። አውሬውን አሳይታኛለች፤ ጀርባው የኤሊ፣ ፊቱ የጦጣ፣ ዓይኑ የአኩራፊ ሕፃን። ወደድኩት።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ድስታቸውን ልመልስ ገብቼ ሳለ ስልኳ ጮኸ። አለቃዋ ሚሳኤል ነው የጻፈላት። አልፋለች! አባቷ በረንዳው ላይ ጭቃ እያቦኩ ስለነበር በሹክሹክታ አነበበችልኝ። እልል ልል ስል አፌን በእጇ ያዘችው። ከሰኞ ጀምሮ ከጠዋት እስከ ማታ ጎፋ ቢሮ መዋል አለባት፤ ዱካውን ሌላ ሰው ይረከባል።

«ጭቃው ከተነሣ አባባ ምን ይዞ ይውላል?» አለችኝ። «ግድግዳ ሲያይ ነው የሚውለው።»

«አንቺስ?» አልኳት።

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ለሚሳኤል ደወለች። ሚሳኤል «ሴና፣ በደንብ አስቢበት እንጂ፤ ቦታውን አሁኑኑ ለሌላ ሰው መስጠቴ ነው» ሲላት እኔም ሰማሁት። «ስጠው። እኔ ዱካው ይሻለኛል» ብላ ዘጋችው። ተናደድኩ። በጥፊ ባጮላት ደስ ባለኝ፤ ባቅፋትም እንደዚያው።

ኦቦ ዳባ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ገቡ። «ከቢሮ ነው? ምን አሉ?»

«አላለፍኩም፣ አባባ።»

ሽማግሌው ወንበር ተደግፈው ቆሙ። ፊታቸው ጥቁር አለ።

«እኔማ ታልፊያለሽ ብዬ ለእህቴ ለገላኔ ደውዬላት ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ሰበታ፣ ቤቷ ምድር ላይ ነው፤ ደረጃ የለው፣ ምን የለው። ላሞችም አሏት። አንቺ ቢሮ ስትገቢ እዚያ እሄዳለሁ ብዬ ልብሴን በፌስታል አዘጋጅቻለሁ። ይሄ ቀዝቃዛ ጭቃ ጣቶቼን ጨረሳቸው፣ ልጄ። ቀደም ብዬ እንዳልነግርሽ፣ ያለ እኔ እንዴት ትሠሪያለሽ?»

ሴና ዞር ብላ እኔን አየችኝ። ምን ልበላት? ብናገር ልጃቸው ለእሳቸው ብላ ዕድሏን መጣሏን ሊሰሙ ነው፤ ዝም ብል ሰበታቸው ቀረ። እኔ አፈኛዋ ሴትዮ ድስቱን እንደታቀፍኩ ዝም አልኩ።

«አይዞሽ፣ አልሄድም» አሏትና ራሷን ዳበስ አደረጓት። «በይ አምጪው። የዛሬው ስንት እግር አለው?»

ሴና ስልኩን ገለጠች።

«ስምንት» አለች።