የእናቴ ቆርቆሮ ቤት ክዳን

መርዶው የደረሰኝ ቤይሩት፣ እሁድ ጠዋት፣ የአገሬ ልጆች ተሰብስበን ጸሎት ከምናደርስባት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ስገባ ማንም ፈገግ አላለልኝም። አንዷ «ቻርጅ ላድርግልሽ» ብላ ስልኬን ከእጄ ወሰደች፤ ሌላዋ ጎንበስ ብላ ጫማዬን አወለቀችልኝ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መልበሳቸውን ያየሁት ከተቀመጥኩ በኋላ ነው። «እናትሽ አርፋለች» አሉኝ። ቀጥለውም፣ እኔ ሳልጠይቃቸው፣ «በቤቷ ነው ያረፈችው፤ በገዛ ቤቷ» አሉ።

ያቺ «በቤቷ» የምትለዋ ቃል እስካሁን ከጉሮሮዬ አልወረደችም።

የእናቴ ቤት ቆቦ ከተማ ዳር ነበር። በጦርነቱ ከባድ መሣሪያ ወደቀበትና ምሰሶው ሳይቀር ዐመድ ሆነ። ከዚያ ወዲህ እናቴ የኖረችው በጎረቤታችን ቤት ነው። ጎረቤታችን ሙስሊም ሴት ናቸው፤ እኔና ልጆቻቸው ከአንድ ትሪ በልተን ነው ያደግነው። የራሳቸውን መኝታ ለቀቁላት። በጾም ወራት ለብቻዋ ድስት ይጥዱላታል፤ «ወላሂ፣ ይሄ ድስት ሥጋ አያውቅም፤ ብይ እትዬ» ይሏታል። እናቴ የጎደለባት ነገር አልነበረም። ፍርሃቷ አንድ ነበር፤ በደወልኩ ቁጥር ትነግረኛለች።

«በሰው ቤት እንዳልሞት ብቻ! ያኖረችኝ ሳያንሳት ለቅሶ ጥዬባት ልሂድ? ድንኳን በደጇ ልታስተክል?»

ወንድሜ በተቃጠለው ቤት ቦታ ላይ፣ ለጊዜው የምትሆን ትንሽ ቆርቆሮ ቤት መሥራት የጀመረው ለዚህ ነው። አናጺ አይደለም፤ ጎብዬ አካባቢ የሰው ሽንኩርት እያጠጣ ነው የሚኖር። እንጨት ምስጥ ይጨርሰዋል ብሎ፣ ከፈረሰ መጋዘን የተረፈ ቱቦላሬ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ብረት፣ ለምኖ አመጣ። የተጣመመውን በድንጋይ እየቀጠቀጠ አቃንቶ ተከለው፤ ማገሩን በሽቦ አሰረበት። ስልኩን አንድ ነገር ላይ አስደግፎ ሲሠራ ያሳየኛል። እናቴ ጥላ ሥር ተቀምጣ ትነዘንዘዋለች።

«ይሄ ቤት ነው የዶሮ ቆጥ?»

«ለጊዜው ነው እኮ እማ።»

«እኔስ ለጊዜው አይደለሁ እንዴ?»

ሦስታችንም ሳቅን። እሷ ቀድማ አቆመች።

በዚያው ሰሞን የደብራችን ጣራ ይታደስ ነበርና፣ የወረደው አሮጌ ቆርቆሮ ቤታቸው ለተቃጠለባቸው ሰዎች እንዲታደል ተወሰነ። ለእናቴም ደረሳት። ወንድሜ ደስ ብሎት በጋሪ ጭኖ አመጣው። የድሮውን የምስማር ቀዳዳ በላስቲክ እየደፈነ ግድግዳውን ዙሪያውን መታ። ወደ ጣራው ሲወጣ እናቴ ከተቀመጠችበት ተነሣች።

«እሱን ተው። ግድግዳው ይሁን። ታቦት ከድኖ የኖረ ቆርቆሮ እኔን አይከድንም።»

«ቤተ ክርስቲያኗ ሰጠች፣ አንቺ ትከለክያለሽ! ከታቦቱ ልትበልጪ ነው?»

«ስለማልበልጥ ነዋ!»

የንስሐ አባቷ ተጠርተው መጡ። «ልጄ፣ ተፈቅዷል፤ ኃጢአት የለበትም» አሏት። መስቀላቸውን ተሳለመችና «እርስዎ ፈቀዱ፣ አባቴ፤ እኔ ግን ከሥሩ እንዴት እግሬን ዘርግቼ እተኛለሁ?» አለቻቸው። ወንድሜ «እስቲ አንቺ ንገሪያት» ብሎ ስልኩን ወደ እሷ አዞረው። ምን ልበላት? እሷ ባትለው እኔ እለው ነበር።

አዲስ ቆርቆሮ እስኪገኝ ሸራ ወጠረበት። የቆቦን ንፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ስናወራ የሸራው ጩኸት ድምጿን ይውጠዋል። ቀን ቀን እየሄደች ትቀመጥበት ነበር። ፀሐዩ ሲበረታ ግድግዳው እጅ አያስነካም፤ ቢሆንም ትቀመጣለች። ሲመሽ ወደ ጎረቤታችን ትመለሳለች። «ቤት ቤት የሚባለው ሲከደን ነው» ትለኛለች። «ተከድኖልኝ አንድ ቀን ልደርበት፤ ከዚያ ወዲያ እሱ ያውቃል።»

ከዚያ ታመመች። ወባ ነው አሉ። ወንድሜ «አዲሱን ቆርቆሮ ዋጃ ገበያ አግኝቻለሁ፤ ቅዳሜ እመታዋለሁ» ብሎ በድምፅ ላከልኝ። ከኋላው የሚያቃስት ሰው ይሰማል። የት ሆኖ እንደሚያወራ አልነገረኝም። ወዲያው ኔትወርክ ጠፋ፤ ሲመለስም መርዶውን ይዞ የመጣው በሴቶቹ በኩል ነው።

እንባዬ ጋብ ሲልልኝ ደወልኩለት።

«ጣራው ተመቶ ነበር?»

«በቤቷ ነው ያረፈችው።»

«እኮ፣ የትኛው ቤቷ?»

«በቤቷ ነው አልኩሽ፣ እህቴ።»

ሴቶቹ እንዳሉት፣ ቃል ሳይጨምር፣ ሳይቀንስ። አልተቆጣሁትም። ለሩቅ ሰው መርዶ ሲነገር የሚቆጠቁጠው ይወጣለታል፤ ለሌሎች መርዶ ሄጄ እንዲያ ሲባል ሰምቻለሁ። እኔ ግን ዕድሜዬን በሰው ቤት፣ ከማድቤት ጎን ባለች ክፍል የማድር ሴት ነኝ። «በሰው ቤት እንዳልሞት» ያለችው ምን ማለቷ እንደነበር አላጣውም። ያ አንድ ልመናዋ ተሰምቶላት እንደሆነ ሳላውቅ፣ ነፍሷን ይማር ለማለት ስቆም አፌ ይያዛል።

እንግዲህ ይህን የምጽፈው ለአንቱ ነው፣ ጎረቤታችን። ልጆችዎ ያነቡልዎታል። አንቱ ከአጠገቧ ነበሩ፤ ሐሰትም አያውቁም። አዲሱ ቆርቆሮ ደርሶላት ከሆነ ይንገሩኝ። በሕመሟ ራሷን ሳታውቅ የደብሩን ቆርቆሮ ከድነውባት ከሆነም ይንገሩኝ፤ ወንድሜን አልወቅሰውም። በሸራው ሥር ከሆነም ይንገሩኝ። በአንቱ ቤት፣ በአንቱ መኝታ ላይ ከሆነም ይንገሩኝ፤ እናቴ ያንን የፈራችው ለአንቱ አዝና እንጂ ቤትዎን ንቃ አልነበረም። አገሬ የገባሁ ዕለት ከመኪና ወርጄ፣ እየጮኽኩ የምሮጠው ወደ አንድ ደጅ ነው። ነፍሷ ያልወጣችበት ቆርቆሮ ፊት ወድቄ እንዳላለቅስ፣ የአንቱንም ደጅ እንደ መንገደኛ እንዳላልፈው፣ እባክዎ፣ የትኛው ደጅ እንደሆነ ይላኩልኝ።